ዲን ከመሆኗ በፊት የት ቀረች? በሕክምናና በሳይንስ ኮሌጆች ምን እንለካ፣ እንዴት እንለካ?

ቀለም_ቀንድ (ክሩን የከፈተች)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የጤና ሳይንስ ወይም የተፈጥሮ ሳይንስ ኮሌጅ «ሴቶች ወደ አመራር አልመጡም» ብሎ አጥኚ ቡድን ሲያቋቁም ምን ዓይነት ሪፖርት እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሰንጠረዥ፦ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ ድምር። ከሥሩ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ይሰጥ» የሚል ምክረ ሐሳብ። ግንዛቤው ይጨበጣል፣ አበሉ ይከፈላል፣ በዓመቱ ሰንጠረዡ ሲወጣ ያው ነው።

መቶኛው ችግር መኖሩን ይናገራል እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ለ2018–2019 ባወጣው ቁጥር ሴቶች ከመምህራኑ 41 በመቶ፣ ከሙሉ ፕሮፌሰሮቹ 25 በመቶ፣ ከትምህርት ክፍል ኃላፊዎቹ 18 በመቶ፣ ከዲኖቹም 18 በመቶ ነበሩ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ የአገራችን አዋጅ ካልሆነ በቀር በክሩ ሁሉ እንዲሁ እንያዛቸው።) በ41 እና በ18 መካከል የቀሩት ያላመለከቱ ናቸው? አመልክተው የወደቁ? ወይስ ማኅደራቸው መሳቢያ ውስጥ ያደረ? የሦስቱ መድኃኒት ለየቅል ነው።

ጥያቄዬ፦ ኦዲት የሚሠራ ቡድን ምን ይለካ? መረጃውን ከየት ያመጣል? የት ላይ ይሳሳታል? አሠራር የምታውቁ ጻፉልን። «እገሌ እንዲህ አደረገኝ» የሚለው ለሌላ ክር ይቆየን።


ዐሣ_ገንዳ፦

ሜትር ይዛችሁ ጀምሩ። ምሳሌ አይደለም፣ የእውነቱን የሚጠቀለለውን ሜትር ነው የምለው።

ናንሲ ሆፕኪንስ በአሜሪካ የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂስት ናት። ምርምሯን ዜብራፊሽ ወደምትባል ትንሽ ዐሣ ስታዞር ለዐሣ ገንዳዎቹ ተጨማሪ ቦታ ጠየቀች፤ አልተሰጣትም። «ካንቺ ያነሰ ያለው አለ» ዓይነት መልስ ሲበዛባት ሕንፃው ጭር ሲል ሜትር ይዛ የየላቦራቶሪውን ስፋት ለካች። ውጤቱ፦ እሷ ነባር ፕሮፌሰር ሆና ሳለ ቦታዋ ገና ከተቀጠሩት ወንዶች እንኳ ያንስ ነበር። በ1994 ባልደረቦቿን አሰባስባ 16 ሴቶች ሆነው ለሳይንስ ትምህርት ቤቱ ዲን ለሮበርት ቢርጀኖ አቤት አሉ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ደመወዝ፣ ቦታ፣ የምርምር ገንዘብ፣ የኮሚቴ ምደባ አንድ በአንድ ታየ፤ ሪፖርቱ በ1999 ለሕዝብ ወጣ። ፕሬዝዳንቱ ቻርልስ ቬስት በመግቢያው ላይ መድልዎው ከፊሉ እውነት ከፊሉ ስሜት ይመስላቸው እንደነበር፣ አሁን ግን የሚያመዝነው እውነቱ መሆኑ እንደገባቸው ጻፉ።

ሪፖርቱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ወጣቶቹ ሴት መምህራን «ደህና ነን፣ ይህ የድሮ ችግር ነው» ብለው ነበር። የተገፉት ነባሮቹ ናቸው። ማለትም ችግሩ ከማዕረግ ጋር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ቀለም_ቀንድ፣ «በሌክቸረር ደረጃ ቅሬታ የለም» የሚል መጠይቅ ቢመጣልሽ ሥራው አልቋል ብለሽ እንዳትዘጊው።

በሳይንስ ክፍል የሚለካው፦ በስሟ የተመደበ ወለል በካሬ ሜትር፣ የጠረጴዛ ርዝመት፣ ጭስ መሳቢያ ኮፈን፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ ስንት መደርደሪያ፣ የላብ ቴክኒሻን ሰዓት፣ የተመደቡላት የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች። በሕክምና ደግሞ ወለሉን ተዉት፤ የኦፕሬሽን ጠረጴዛ ቀን በሳምንት፣ አልጋ፣ የሪፈራል ክሊኒክ ቀን፣ የሬዚደንት ምደባ፣ የወር ዲዩቲ ብዛት። የኦፕሬሽን ቀን የሌላት ሰርጂን የምርምር ናሙናም የላትም። ነገሩ ሰንሰለት ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው የጋራ ክፍል ላይ ነው። አንድ ክፍል ሦስት ሰው ከተጋራው ለሦስት አካፍሉት፣ ለሁሉም ሙሉውን አትጻፉ። ቁልፉን የያዘውንም መዝግቡ፤ በወረቀት የጋራ፣ በተግባር የአንድ ሰው የሆነ ክፍል ሞልቷል።


ሚዛን_ይፍረድ፦

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ሥራው ይመዘን፣ የበለጠው ይሾም። ወንድ ሴት ብሎ መቁጠሩ ራሱ ነው ችግሩ።


ጎተንበርግ_በረዶ፦

@ሚዛን_ይፍረድ ሥራው ሲመዘን ምን እንደሚሆን ስዊድን ላይ ታይቷል። አግነስ ዎልድና ክርስቲን ቬኔሮስ የተባሉ ሁለት ሐኪም ተመራማሪዎች የስዊድን የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1995 ለድኅረ ዶክትሬት ያመለከቱ 114 ሰዎችን እንዴት እንደመዘነ አጠኑ። 62 ወንዶች፣ 52 ሴቶች አመለከቱ፤ ከተሰጠው 20 ዕድል 16ቱ ለወንድ፣ 4ቱ ለሴት ሄደ። የነጥብ ወረቀቶቹን ምክር ቤቱ ምስጢር ነው ቢልም የአገሩ የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረቱ 1766 ነውና በፍርድ ቤት አስወጡት። በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያተሙት ውጤት፦ አንዲት ሴት የወንዱን ያህል የብቃት ነጥብ ለማግኘት የሕትመት ውጤቷ 2.5 እጥፍ መሆን ነበረበት። መዛኞቹ ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም። ሚዛን እንደያዙ ነበር የሚያምኑት።

ለኮሌጅ ኮሚቴ የሚጠቅሙ ሁለት የአሠራር ነገሮች አሉ።

አንደኛው ማባዛቱ ነው። እያንዳንዱ መዛኝ በሦስት መስፈርት ከ0 እስከ 4 ይሰጥና ሦስቱ ይባዛሉ። 3 በ3 በ3፣ 27 ነው። በእያንዳንዱ መስፈርት ግማሽ ነጥብ ብቻ ቢቀንስባት፣ ማለትም 2.5 በ2.5 በ2.5፣ ወደ 15.6 ትወርዳለች። ለዓይን የማይታይ ቅናሽ ውጤቱን በግማሽ ግድም ይቆርጠዋል። በመደመር ቢሆን 9 እና 7.5 ነበር። እናንተም ጋ የመዛኝ ቅጽ ካለ አሠራሩ ማባዛት ነው መደመር? ቅድሚያ እሱን እዩ።

ሁለተኛው፦ ከኮሚቴው አባል ጋር አብሮ የሠራ አመልካች ከፍ ያለ ነጥብ አገኘ። ያ አባል በደንቡ መሠረት ራሱን አግልሎ ነበር! ነጥቡን ከፍ ያደረጉት የቀሩት «ገለልተኞች» ናቸው። ስለዚህ «ጥቅም ግጭት ያለበት ከክፍሉ ይውጣ» ብቻውን አይሠራም። የሚሠራው ነጥቡን ውይይት ከመጀመሩ በፊት ለየብቻ ጽፎ ማስገባት፣ ከዚያ ወዲያ የተለወጠ ነጥብ ካለ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ ማስፈር ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የ2012 የአሜሪካ ሙከራ አለ። 127 የሳይንስ መምህራን ለላብ ሥራ አስኪያጅነት የቀረበ አንድ ዓይነት ማመልከቻ ተሰጣቸው፤ በግማሹ ላይ የወንድ ስም፣ በግማሹ ላይ የሴት ስም ነበር። ለወንዱ በአማካይ 30,238 ዶላር፣ ለሴቷ 26,508 ዶላር ደመወዝ አቀረቡ። ሴት መምህራኑም እንደ ወንዶቹ ነው የፈረዱት። «ኮሚቴው ውስጥ አንድ ሴት አስገብተናል» የሚል መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል።


ሚዛን_ይፍረድ፦

የማባዛቱን ነገር አላወቅሁም ነበር። እሺ። ግን ስም መሸፈን አይበቃም? ማመልከቻውን በኮድ ብናደርገው?


አንቱታ፦

@ሚዛን_ይፍረድ በአማርኛ ስም ብትሸፍነው ግሱ ይናገርብሃል። «ሠርታለች፣ አሳትማለች፣ መርታለች»፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ደስታ የሚለው ስም የሴትም የወንድም ነው፣ «ደስታ ጥሩ ተመራማሪ ናት» ካልክ ግን አበቃ። በእንግሊዝኛ የሚጻፈውም በተውላጠ ስሙ ይጋለጣል። ቋንቋችን ግን የራሱ መፍትሔ አለው፦ አንቱታ። «እሳቸው አሳትመዋል፣ መርተዋል፣ አስተምረዋል» ሲባል ጾታው የለም። የድጋፍ ደብዳቤና የግምገማ ቅጽ ሁሉ በአንቱታ ይጻፍ ብሎ አንድ መስመር መመሪያ ማውጣት ወጪ የለውም።

በዚያውም ላይ ሌላ ነገር ይስተካከላል። በአንድ ማኅደር ውስጥ ያሉ ደብዳቤዎችን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ስለ ወንዱ «ዶክተር እገሌ… ናቸው»፣ ስለ ሴቷ «እሷ… ናት» የሚል ታገኛላችሁ፤ ያውም በአንድ ጸሐፊ እጅ። ዎርድ ውስጥ ሴት ሐኪም ሁሉ «ሲስተር» እንደምትባለው ማለት ነው። ሲስተርነት የከበረ ሙያ ነው፣ ነገር ግን ለዲንነት የምትወዳደር ስፔሻሊስት በማዕረጓ ትጠራ።

ማስታወቂያውም እንዲሁ። «አመልካች… ያለው፣ የሠራ፣ የሚችል» ከሚል ብዙ ቁጥር ይሻላል፦ «አመልካቾች… ያላቸው፣ የሠሩ፣ የሚችሉ»። ከላይ በሙሉ ወንድ እየጠራ ከታች «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የሚል ማስታወቂያ ራሱን ነው የሚቃረነው።

የደብዳቤ ይዘት ላይ በ2003 የታተመ ጥናት ነበረ፤ በአንድ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት ለተቀጠሩ መምህራን የተጻፉ ከ300 በላይ ደብዳቤዎች ተመርምረው፣ የሴቶቹ ያጠሩና ጥርጣሬ የሚያጭሩ ሐረጎች የበዙባቸው ሆነው ተገኙ። እኛ ጋ ያለው መልኩ «ታታሪ፣ ትሑት፣ ተግባቢ፣ ታዛዥ» ነው። ታዛዥ ዲን ማን ይፈልጋል? ነፃ ደብዳቤ ከመጠየቅ አራት ጥያቄ ላኩ፦ የትኛውን ሥራ መሩ? ስንት ሰውና ስንት ብር በእጃቸው ነበር? ምን ተለወጠ? ማስረጃው የት አለ? ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ።


ካፕላን፦

አሁን ወደ ቆጠራው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ኦዲት የሚበላሸው።

የተለመደው ስሕተት «ከረዳት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማደግ ስንት ዓመት ፈጀ?» ብሎ ያደጉትን ብቻ መቁጠር ነው። ለምሳሌ ያደጉ 3 ሴቶችና 12 ወንዶች አሉ እንበል፣ ሁሉም በአማካይ 5 ዓመት ፈጀባቸው። «ልዩነት የለም» ይባላል። ያላደጉት 9 ሴቶች ግን እዚያው ማዕረግ ላይ 8 ዓመት ሆኗቸዋል፤ እነሱ ከሒሳቡ ውጭ ናቸው። ሐኪሞች ሆይ፣ ይህን ለሕመምተኛ በየቀኑ ትሠሩታላችሁ፦ ሰርቫይቫል ትንተና፣ ማለትም አንድ ክስተት እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ገና ያልደረሰባቸውንም ጨምሮ መቁጠር። ለራሳችሁ ሥሩት። መነሻው ማዕረጉ የተሰጠበት ቀን፣ ክስተቱ ዕድገት፣ ገና የሚጠብቅ ሰው ሴንሰርድ ነው (እስካሁን የጠበቀው ጊዜ ይቆጠራል፣ መጨረሻው ግን አልታወቀም)። ካፕላን ማየር የሚባለው መስመር፣ በየጊዜው ገና ያላደጉትን ድርሻ የሚያሳየው፣ ለወንድና ለሴት ለየብቻ ይሣል፣ መካከለኛው የጥበቃ ጊዜ ይነበብ።

ተቋሙን የለቀቀውን ከሚጠብቀው ጋር አትቀላቅሉ። መልቀቅ ራሱን የቻለ ክስተት ነው፤ ሴቶቹ እየለቀቁ ከሆነና እንደ ሴንሰርድ ከቆጠራችኋቸው መስመሩ ቆንጆ ሆኖ ይወጣል፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ለትምህርት ውጭ የሄደም ለብቻው ይመዝገብ።

በዕድገቱ መንገድ ላይ አምስት ቀን ያስፈልጋችኋል፦ ለማመልከት ብቁ የሆነችበት፣ ያመለከተችበት፣ ማኅደሯ ከትምህርት ክፍሉ የወጣበት፣ ከውጭ ገምጋሚ የተመለሰበት፣ የጸደቀበት። ከብቁነት እስከ ማመልከቻ ያለው ከረዘመ ችግሩ ማበረታታትና መረጃ ነው። ከማመልከቻ እስከ ገምጋሚ ከረዘመ ችግሩ ጽሕፈት ቤቱ ነው። ለመጀመሪያው ሥልጠና ሊጠቅም ይችላል፤ ለሁለተኛው ሺህ ሥልጠና ብትሰጧት ማኅደሯ ከመሳቢያው አይወጣም።

ከአራት አንዷ ሴት ስትሆን 25 በመቶ ይባላል፤ ብትለቅ ዜሮ። እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ መቶኛ አትጻፉ፣ ሰው ቁጠሩ፣ ያለፉትን 5 ዓመታት ደምሩ።


ስድሳ_ወንበር፦

የኮሚቴ ጫናን በሒሳብ ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም በቅንነት የወጣ ደንብ ነው የሚፈጥረው። 40 መምህራን ያሉት ክፍል፣ 4ቱ ሴቶች። 12 ኮሚቴ፣ እያንዳንዱ 5 አባል፤ 60 ወንበር። ደንቡ «በየኮሚቴው ቢያንስ አንድ ሴት» ይላል። 12 ወንበር ለ4 ሴት፣ በነፍስ ወከፍ 3። የቀረው 48 ወንበር ለ36 ወንድ፣ በነፍስ ወከፍ 1.33። እያንዳንዱ ኮሚቴ በወር ሁለቴ ለሁለት ሰዓት ቢሰበሰብ ሴቷ 12 ሰዓት፣ ወንዱ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ልዩነቱ በዓመት 80 ሰዓት ነው።

ከብዛቱም ይልቅ የኮሚቴው ዓይነት ይናገራል። ግዥ፣ በጀት፣ ዕድገት፣ ቅጥር በአንድ ወገን፤ ዲሲፕሊን፣ የተመራቂዎች በዓል፣ የእንግዳ አቀባበል፣ ሥርዓተ ፆታ በሌላው። ሚናም ይመዝገብ፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ አባል። አሥር ዓመት ቃለ ጉባኤ የያዘች ሴት ስለ ቤቱ አሠራር ከሰብሳቢው በላይ ታውቃለች፣ ለሰብሳቢነት ልምድ ሲጠየቅ ግን «ልምድ የላትም» ትባላለች።

መፍትሔው ደንቡን ማጥበብ ነው። «ሴት ትኑር» የሚለው ሀብትና ማዕረግ በሚያከፋፍሉ ኮሚቴዎች ላይ ብቻ ግዴታ ይሁን፤ ከሌላው ይነሣ። ሰብሳቢነቱ በዙር ይሁን፣ ጸሐፊነቱ ደግሞ በፊደል ተራ። ስብሰባ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አይጀመር። ከ11 ሰዓት በኋላ የተወሰነ ነገር ሁሉ የተወሰነው ወደ ቤት መሄድ በማያስቸኩላቸው ሰዎች ነው።


የሴኔት_ጠረጴዛ፦

ስለ አገራችን የዕድገት ማኅደር የሚጠይቅ ይኖራልና። ሕጉ መሠረት አለው፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ 3 ለሴቶች ልዩ የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል፣ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ፣ ከዚያ በታች እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሕግ አለው። ነጥቡና የዓመቱ ብዛት በየሴኔት ሕጉ ስለሚለያይ የራሳችሁን አንብቡ፤ ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲ የሰማችሁትን አትያዙ።

ማኅደር የሚመለስባቸው ቦታዎች ግን በየቤቱ ይመሳሰላሉ። ካለፈው ዕድገት በፊት የታተመ ጽሑፍ ሁለተኛ ይቆጠራል ብሎ ማስገባት። «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ደብዳቤ እንደ ታተመ መቁጠር። ጆርናሉ ዕውቅና ካላቸው ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ። የደራሲ ተራ፤ ስምንት ሰው የጻፈው ላይ አምስተኛ የሆነ ሰው ሙሉ ነጥብ አያገኝም። የማኅበረሰብ አገልግሎት ማስረጃ ማጣት፤ በዘመቻ ስንት ሺህ ሴት የመረመረች ሐኪም ደብዳቤ ስላላስጻፈች ብቻ ዜሮ ታገኛለች። ሥራው ባለቀ ሳምንት አስጽፉ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚፈርም ሰው አይገኝም።

ለሴት ለብቻው የሚመጣ አንድ ወጥመድ አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጠ። አንድ ሴሚስተር ማለት ነው ግድም። የሴኔት ሕጉ «ያለፉት ተከታታይ ሴሚስተሮች የተማሪዎች ምዘና» የሚል ከሆነ ያ ሴሚስተር ባዶ ይሆናል፣ ማኅደሩም «አልተሟላም» ተብሎ ይመለሳል። አገልግሎቷ አልተቋረጠም፣ ወረቀቱ ግን ተቋርጧል። ማስተካከያው ቃል ነው፦ «ያስተማሩባቸው የመጨረሻ ሴሚስተሮች» ይባል።

«ጊዜ ይጨመርላት» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ ቀስ በሉ። በአሜሪካ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍሎች ላይ በ2018 የታተመ ጥናት ልጅ ሲወለድ ለአባትም ለእናትም እኩል የዕድገት ሰዓት ማቆም (ለቋሚነት የሚመዘኑበትን ጊዜ ማራዘም) የፈቀዱ ቤቶች ውስጥ የወንዶቹ ቋሚነት የማግኘት ዕድል ሲጨምር የሴቶቹ መቀነሱን አሳየ። አባቶቹ ጊዜውን ለጽሑፍ አዋሉት። መስኩ ሕክምና ባይሆንም አሠራሩ ያው ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው፦ ማመልከት አይጠበቅ። ትምህርት ክፍሉ በየዓመቱ መስከረም ላይ የሁሉንም መምህር ማኅደር ከመስፈርቱ ጋር አመሳክሮ «ይህ ሞልቷል፣ ይህ ይቀራል» የሚል አንድ ገጽ ለእያንዳንዱ ይስጥ። ደጅ መጥናት የማትወድም፣ የሚነግራት ሰው የሌላትም እኩል ትሆናለች።


ቴምዝ_ዳር፦

ከእንግሊዝ ተሞክሮ፣ ከነጉድለቱ። አቴና ስዋን የሚባል ቻርተር በ2005 ተጀመረ፤ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እያለ ለተቋማት ደረጃ ይሰጣል። ዓመታት የሄዱት በቀስታ ነበር። በ2011 የመንግሥት ዋና የሕክምና ኃላፊዋ ዴም ሳሊ ዴቪስ ለትልልቅ የሕክምና ምርምር ማዕከላት ገንዘብ የሚወዳደር ሕክምና ትምህርት ቤት ቢያንስ ብር ሊኖረው ይገባል አሉ። ያን ጊዜ ዲኖች ሁሉ በአንድ ጀምበር የጾታ ባለሙያ ሆኑ። ገንዘብ ሲነካ ኮሚቴ ይፈጥናል፤ ትምህርቱ ይህ ነው።

ጉድለቱ፦ የማመልከቻው ሰነድ እጅግ ረዥም ሆነ፣ የሚጽፉትም በአብዛኛው እነዚያው ሴቶች ሆኑ። ስድሳ_ወንበር የቆጠረው ሰዓት ላይ ይኸም ተጨመረ። በ2020 የገንዘቡ ቅድመ ሁኔታ ቢሮክራሲ ለመቀነስ በሚል ተነሣ። እኛ ጋ የሚቀዳ ሰው ካለ፣ አስገዳጁን ይቅዳ፣ ወረቀቱን ይተው። ኦዲቱን የሰው ሀብትና የሬጅስትራር ሠራተኛ ይሥራው፣ በደመወዝ።


ፊርማ፦

ስለ አመራሩ ወንበር ራሱ ማንም አላነሣም። ሁለት ነገር።

«ተጠባባቂ ዲን» የሚለውን ቆጥራችሁ አመራር ውስጥ ሴት አለ አትበሉ። ተጠባባቂዋ የትኛውን ደብዳቤ ትፈርማለች? የትኛውን የበጀት ኮድ ታዛለች? ሰው መቅጠር ትችላለች? መልሱ «አትችልም» ከሆነ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጫናው ብቻ ነው። በኦዲቱ ላይ የተጠባባቂነት ወራትና የፊርማ ሥልጣን ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው። ቤቱ ሲቃጠል ብቻ ሴት የሚጠራበት ልማድም አለ፣ በጀቱ ካለቀ በኋላ፣ ሬዚደንቶቹ ካመፁ በኋላ። ስለዚህ የሹመቱ ዓመት በጀት ስንት እንደነበር አብራችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው፦ የምክትል ፕሬዝዳንቶቹ ወንበር አንድ አይደለም። የአካዳሚክና የምርምር ምክትል ፕሬዝዳንትነት ወደ ላይ ያደርሳል፤ የተማሪዎች አገልግሎትና የሥርዓተ ፆታ ዳይሬክተርነት ብዙ ጊዜ እዚያው ያቆያል።

«ይኸው እነ እገሌ ደርሰዋል» ሲባል በየትኛው መንገድ እንደደረሱ እንይ። ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኮንን በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ሲሆኑ ተቋሙ በ1950 ከተመሠረተ 59 ዓመቱ ነበር። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው በዓለማያ ከተማሩ በኋላ የወጡት በዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላት ነው፤ ኮሎምቢያ፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ በ2013 የነፍሳት ምርምር ማዕከሉ የኢሲፔ ዋና ዳይሬክተር፣ የመጀመሪያዋ ሴት፣ እስከ 2023። ዶክተር ሊያ ታደሰ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ አመራር በኩል ነው ወደ ጤና ሚኒስትርነት የመጡት፤ ከእሳቸው በኋላ በ2024 የተሾሙት ዶክተር መቅደስ ዳባም እንደ እሳቸው የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ናቸው። አንዱ መንገድ ረዥም የቤት ውስጥ መሰላል፣ ሌላው መስፈርቱ በጽሑፍ የወጣ ዓለም አቀፍ ማስታወቂያ፣ ሦስተኛው ሴቶች ቀድመው በገቡበት ስፔሻሊቲ በኩል። ሰርጀሪ፣ ኦርቶፔዲክስ፣ አንስቴዥያ በኩል የመጣ መንገድ የታለ? ኦዲቱ በስፔሻሊቲ ይከፈል የምለው ለዚህ ነው።


ዐሣ_ገንዳ፦

@ፊርማ ትክክል። ሥልጠና ይሰጥ ከተባለ ደግሞ በበጀት ላይ ይሁን። በአሜሪካ ኢላም የሚባለው፣ ከ1995 ጀምሮ ለሕክምና መምህራን ሴቶች የሚሰጠው የአንድ ዓመት መርሐ ግብር፣ የሚያስተምረው የተቋም ፋይናንስንና ስትራቴጂን ነው፤ እያንዳንዷም ለራሷ ተቋም አንድ ፕሮጀክት ትሠራለች። «በራስ መተማመን» የሚል የሁለት ቀን ወርክሾፕ አይደለም። የኮሌጁን የገቢና የወጪ ሠንጠረዥ ማንበብ የምትችል ሴት መተማመኑ አብሮ ይመጣላታል።


ሚዛን_ይፍረድ፦

አንድ ጥያቄ ብቻ። የመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም። ሦስት ነገር ብቻ ምረጡለት ብትባሉስ?


ጎተንበርግ_በረዶ፦

መስፈርቱና የየመስፈርቱ ክብደት ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ተጽፎ ይፈረም፤ ማመልከቻ ካዩ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት የተወደደውን ሰው ነው የሚመስለው። ነጥብ ለየብቻ፣ ከውይይት በፊት፣ በመደመር። ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ቅደም ተከተል፣ እኩል ደቂቃ። የሥራ ዕቅድ የምታቀርበዋን ሴት «ልጆችሽን ማን ይይዛል?» ብሎ የሚጠይቅ አባል ካለ፣ ጥያቄውን ለወንዶቹም ጠይቆ መልሳቸውን በቃለ ጉባኤ ያስፍር። ሁለተኛ አይደግመውም።


ቀለም_ቀንድ፦

አመሰግናለሁ፣ ጠቅሞኛል። ሰብስቤ በኤክሴል ያወጣሁት ይህ ነው። አንድ ሰው አንድ ረድፍ፦ ኮድ፣ ጾታ፣ ስፔሻሊቲ፣ ማዕረግ፣ አምስቱ ቀናት፣ የቦታ ወይም የኦፕሬሽን ቀን፣ ዲዩቲ በወር፣ ኮሚቴ በዓይነትና በሚና፣ የተጠባባቂነት ወራት፣ የፊርማ ሥልጣን፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የለቀቀችበት ቀን። የ5 ዓመት መረጃ። ከሰው ሀብት፣ ከሬጅስትራር፣ ከኦፕሬሽን ክፍል መርሐ ግብርና ከቃለ ጉባኤ መዝገብ።

የቀረ አለ?


ካፕላን፦

ሁለት ነገር። «የወሊድ ፈቃድ» የሚለውን ዓምድ አውጪው። ይህ ፋይል አንድ ቀን ከመራጭ ኮሚቴ እጅ ይገባል፣ ያን ጊዜ «ፈቃድ የምታበዛ» የሚል መረጃ ይሆናል። በሱ ፈንታ «ያስተማረችባቸው ሴሚስተሮች ብዛት» በቂ ነው፣ ለወንዱም ይሞላል።

ሁለተኛ፣ ኮድ ብትሰጪያትም በስፔሻሊቲና በማዕረግ ከተከፈለ አንዲቷ የኦርቶፔዲክስ ሴት ተባባሪ ፕሮፌሰር ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ለሕዝብ በሚወጣው ሠንጠረዥ ላይ ከ5 ሰው በታች የያዘ ሕዋስ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀል። የቀረውን ዝርዝር ዲኑ ከማየቱ በፊት እያንዳንዷ የራሷን ረድፍ አይታ ትፈርምበት፤ የተሳሳተ ቀን የምታገኘው እሷ ናት፣ የሰው ሀብት መዝገብ ላይ የዕድገት ቀን ተሳስቶ መገኘት ብርቅ አይደለም።